ከጎኗ ያለው ምንጣፍ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከሌላ ቻናልም አልገለበጥኩትም። ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ቢያቆም ቅር አይለኝም።

ሁሌም የሚጀምረው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታች መንገድ ላይ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ከስራችን ያለው ማተሚያ ቤት ማሽኑን ያንኳኳል። ቦታው ከማተሚያ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ወለሉ በሰም የተወለወለ ንጹሕ ክፍል ነው። ጨለማ የለም። የተዘጋ አሮጌ ቤት የለም።

ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ክፉ ነገር ሌሊትን ይጠብቃል ብላችሁ እንዳትዘናጉ ነው። እኔ ተዘናግቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬ ከዚያ መርፌ ያዝኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምለካበት ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። ጫፉ ላይ ቆርቆሮ አለው፤ ስራመድ ከደረቴ ቁልፍ ጋር ይጋጭና ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ልጄ ሕፃን ሳለች ከሩቅ በድምፁ ታውቀኝ ነበር።

ደግሞ ፈሪ ነኝ። አልደብቅም። ልጄ ካስነጠሳት የሳንባ ምች ነው። አስር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል። ስልኳን ካላነሳች... እሱን አልናገረውም። ጎረቤቶቼ "የክፉ ዜና ጣቢያ" ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም።

ልጄ ዳንሰኛ ናት። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል በትንሽነቷ ፌንጣ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያው ፌንጣ ናት። አባቷ ሌላ ቤት ከሠራ ቆይቷል። እኔና እሷ ብቻ ነን።

ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ ከዝላይ ስትወርድ ወደቀች።

አጥንቷ አልተሰበረም። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ምንም የለም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መዝለል አቃታት። ትንደረደራለች... ትንደረደራለች... ልክ ከመሬት ልትነሳ ስትል ዳሌዋ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ይልና ትቆማለች።

"ሰውነቴ እምቢ አለኝ እማዬ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። "እኔ እሺ እለዋለሁ፤ እሱ እምቢ ይለኛል።"

ልትገባበት የምትመኘው የዳንስ ቡድን አዲስ ሰው የሚመርጥበት ቀን ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካላለፈች ሌላ ዕድል የላትም።

የዳንሰኞችን ሰውነት የምታፍታታ መምህር አለች፤ ፈልጋ ያገኘቻት ራሷ ፌንጣ ናት። እኔ አላመጣኋትም። ይህን ያዙልኝ።

መምህሯ ቀጭን ሴት ነች። አርባ ትሁን ስድሳ አይታወቅም። በወፍራም ካልሲ ነው የምትራመደው፣ ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም። የክፍሉ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፤ እሷ ግን በግራጫ መጋረጃ ሸፍናዋለች።

"ዳንሰኛ ያለ መስታወት እንዴት ይሆናል?" አልኳት።

"ዓይን ያታልላል" አለች። "እዚህ የምንሠራው በውስጥ ነው።"

ከዚያ አስረዳችን። ከወገብ አከርካሪ የሚነሳ፣ ከአንጀት በስተጀርባ አልፎ፣ በብሽሽት በኩል ወርዶ ጭን ላይ የሚታሰር ጡንቻ አለ። ከላይ ሲነኩት አይገኝም። በግራም በቀኝም አለ። እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው እሱ ነው። ሰው ሲደነግጥ ጉልበቱን ወደ ሆዱ የሚስበው፣ እንደ ሕፃን የሚያጥፈውም እሱ ነው።

"ልጅዎ ስትወድቅ ደነገጠ። አሁንም እንደደነገጠ ነው" አለችኝ። "በጉልበት ብንስበው ይብሳል። ደህና ነህ እያልን ቀስ ብለን ነው የምናስለቅቀው። ሰው ፍርሃቱን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።"

"እንግዲያው የኔም በሽታ ስም ተገኘለት" ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። አየችኝ።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት፣ ይበቃ ይሆን ብዬ የማየው አስተያየት ነው።

"እርስዎም ይተኙ" አለች። "እናቷ አጠገቧ ስትሆን ልጅ ቶሎ ትለቃለች።"

ወለሉ ላይ ሁለት ምንጣፎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ፌንጣ የግራው ላይ በጀርባዋ ተኛች፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ፣ ከአንገቷ ስር የተጠቀለለ ፎጣ። እኔ የቀኙ ላይ።

ምንጣፉ መሐሉ ጎድጉዷል። የሰው ቅርጽ ይዟል። ጀርባዬን ሳሳርፍ ልክክ አለ።

ደግሞ ሞቃት ነው።

"ሰው ተኝቶበት ነበር እንዴ?"

"ጠዋት" አለች መምህሯ።

ጣቶቿን ከፌንጣ ዳሌ አጥንት በስተውስጥ አሳርፋ ጠበቀች። አልተጫነችም። ጠበቀች ብቻ። ከታች የማተሚያው ማሽን ይንኳኳል።

"ሦስታችሁም" አለች በሹክሹክታ፣ "ትንፋሻችሁን ቁጠሩ።"

ሁለት ነን ብዬ አሰብኩ። ምላሷ አዳልጧት ይሆናል።

ከአፍታ በኋላ የፌንጣ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስስ መንቀጥቀጥ፣ የስፌት መኪና ስር እንዳለ ጨርቅ። ልነሳ ስል መምህሯ በሌላ እጇ ያዘችኝ። "ይተዉት... እየለቀቀ ነው።" ከዚያ የልጄ ጉልበት ቀጥ አለ።

የኔ ጀመረ።

ላቆመው ሞከርኩ። አልታዘዝ አለኝ።

"ጥሩ" አለች መምህሯ። "ገባ።"

"ምኑ?"

"ትንፋሹ።"

ስንወጣ ፌንጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ዓመት ሙሉ እንዲህ አልወረደችም። እኔ የደረጃውን እጀታ ይዤ ቀስ እላለሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ደረጃውን ትወለውላለች። ከወገቧ ታጥፋለች። መወልወያውን ትታ ስታሳልፈኝም እንደታጠፈች ነው። ፊቷን አላየሁትም፤ የማየው ሻሿን ብቻ ነው።

"እህቴ" አለች ወደ ወለሉ። "ምንጣፉ ላይ ተኛሽ?"

"አዎ።"

"ሞቀሽ?"

"ጠዋት ሰው ተኝቶበት ነው ብላኛለች።"

"ክፍሉን የምከፍተው እኔ ነኝ" አለች። "ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተከፍቶ አያውቅም።"

ልጠይቃት ስል ከታች "እማዬ ነይ እንጂ" የሚል ድምፅ መጣ። ሴትየዋ መወልወያዋን አነሳች።

በሳምንት ሁለት ቀን እንሄዳለን። ማክሰኞና ዓርብ፣ አስር ሰዓት።

በሦስተኛው ሳምንት ፌንጣ ዘለለች። ሳሎን ውስጥ፣ ከወንበሩ አጠገብ ተነስታ... ያረፈችበት አልተሰማኝም። እንደ ላባ ነው የወረደችው። አቅፌ አለቀስኩ። ደስታ ነበር። ያን ዕለት ደስታ ነበር።

የምርጫውን ልብስ ስሰፋላት ለካኋት። ቁመቷ ከአምናው ሁለት ሴንቲሜትር ጨምሯል። ጡንቻ ሲላቀቅ ሰው ይረዝማል አለች መምህሯ፣ እሺ አልኩ።

በማግስቱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ክር ላወርድ እጄን ሰደድኩ። አልደረስኩም።

ሃያ ሁለት ዓመት የማወርደው ክር ነው።

ሜትሩን አወረድኩና ራሴን ለካሁ። ከአንገት እስከ ወገብ በፊት ለፊት አራት ሴንቲሜትር አጥሯል። ደግሜ ለካሁ። ሜትር አይዋሽም። እኔ ወደ ፊት እየታጠፍኩ ነው።

ከዚያ ሌሎቹን ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ፌንጣ ከምድጃ ላይ የጋለ መጥበሻ በባዶ እጇ አነሳች። አልጮኸችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ መዳፏ ቀልቷል።

"ተቃጠልሽ እኮ።"

መዳፏን አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ። "አዎ... ተቃጥያለሁ" አለችና ቁርሷን በላች።

ሌላ ቀን ዋናውን መንገድ ግራ ቀኝ ሳታይ ገባችበት። መኪናው ጎማውን እያስጮኸ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ተሳደበ። እሷ ከማዶ ሆና "ምን ሆነሃል?" አለችው። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ከዚያ መስኮቱ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ከሥራ ስገባ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሮቿ ወደ ውጭ፣ ብርቱካን እየላጠች። ልጣጩን ወደ ታች ትለቅና ሲወርድ ታየዋለች።

"ፌንጣ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ እንዳትደነግጥ። "ነይ ልጄ... ወደዚህ ነይ።"

"አየሩ ደስ ይላል እማዬ። ነይ አንቺም።"

የኔ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። የእሷ እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ቀን በቁሜ ሕልም ማየት ጀመርኩ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ወለሉ ወደ ፊቴ ይመጣል፣ በዘለለ ሰው ዓይን። ዘልዬ አላውቅም። የእሷ ውድቀት ነበር፣ የተሰጠኝ። እሺ፣ ልጄ ናት፣ እሸከመዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ግን ሌላው ሕልም መጣ።

ትንሽ ነኝ። አልጋ ውስጥ ነኝ። ከኮሪደሩ ቀጭ... ቀጭ... የሚል ድምፅ ይመጣል። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ እስባለሁ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ትቆማለች። ፊቷ አይታይም። "እንዳትወጪ" ትላለች። "ትወድቂያለሽ። ትሞቺብኛለሽ።" ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይኮማተራል፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ይስበዋል።

ያቺን ሴት አወቅኳት። አንገቷ ላይ የኔ ሜትር አለ።

መቀሱን አስቀመጥኩ።

በመጨረሻው ዓርብ ምርጫው ሊሆን አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አውቶቡሱ ቶሎ ደረሰና ከሰዓቴ ቀድሜ ደረጃውን ወጣሁ። እስክወጣ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ፣ ወገቤ አይቃናም። በሩ ገርበብ ብሏል። ፌንጣ ቀድማኝ መጥታለች።

ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል።

"ገና ቦታ አላት?" የልጄ ድምፅ ነው።

"ትንሽ ቀርቷል" አለች መምህሯ። "እየጎበጠች ነው። አላየሻትም?"

"አይቻለሁ።"

"ከጨመርን አትመለስም።"

እኔ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ። ይቅር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ናት፣ ይበቃታል ትላለች።

"ችግር የለም" አለች ልጄ። "እማዬ ሁሌም ትፈራለች። ትንሽ ቢጨመርባት አይታወቃትም።"

ሳቀችም። ትንሽ ሳቅ።

ያን ሳቅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጥርሷ ሳይወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

በሩን ገፋሁት። ሁለቱም ዞሩ። ማንም አልደነገጠም። መደንገጥ የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ከመጀመሪያው" አለች ፌንጣ። "የሚወጣው ነገር የሚሄድበት ይፈልጋላ። መምህሯ የሚቀበል ሰው አምጪ አለችኝ።"

"እኔን አመጣሽኝ።"

"ሌላ ማን አለኝ?"

ወደ መምህሯ ዞርኩ። "ይመለስ" አልኳት። "ለኔ ብዬ አይደለም። እሳት ትጨብጣለች። መኪና ፊት ትገባለች። ሳትፈራ ትሞትብኛለች።"

"ልጅቷ ከፈቀደች ይመለሳል" አለች መምህሯ፣ ካልሲዋን እያየች። "እርስዎ ይለቃሉ፣ እሷ ትቀበላለች።"

"ፌንጣዬ..."

"አልፈልገውም" አለች ልጄ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ክፋት እንኳን የለበትም። "ከማን ያገኘሁት ይመስልሻል እማዬ? ስራመድ ትወድቂያለሽ፣ ስዋኝ ትሰምጪያለሽ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጎረስሽኝ ነው። የሰጠሁሽ ነገር የለም። የራስሽን መለስኩልሽ።"

እውነት ነዋ። በራሴ እውነት ነው የወጋችኝ።

"አንድ ጊዜ ነው የቀረው" አለች፣ ጉንጬን ዳሰስ አድርጋ። "ነገ እንዳልቆም። ተኚልኝ።"

ተኛሁ።

እናት ናት ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። ካልተኛሁ ነገ ስትዘል ምን ይውጣታል ብዬ ፈርቼ ነው የተኛሁት። እዚያም ላይ ፍርሃቴ ነው ያስተኛኝ።

ምንጣፉ እንደ ሰው ገላ ሞቋል።

"ሦስታችሁም" አለች መምህሯ። "ትንፋሻችሁን ቁጠሩ።"

የልጄን ትንፋሽ ቆጠርኩ። የራሴን ቆጠርኩ። ከዚያ ሦስተኛውን ሰማሁት። ከስሬ ነበር።

ፌንጣ አለፈች። አንደኛ ሆና አለፈች።

ቡድኑ ለሁለት ወር በየከተማው እየዞረ ሊያሳይ ተነሳ። መምህሯም አብራ ትሄዳለች። በመነሻው ዕለት አውቶቡሱ ጋ ሄድኩ፣ ታጥፌ። ሻንጣ ሲጫን የማየው ጎማውንና የሰዉን ጫማ ነው። መምህሯን በካልሲዋ አወቅኳት፣ በጫማ ውስጥ እንኳን ወፍራሙን ነው የለበሰችው። ከጎኗ የተጠቀለሉ ምንጣፎች ቆመዋል።

ሁለት ናቸው።

"ሁለተኛው ለማነው?" አልኩ። "እኔ እዚህ ነው የምቀረው።"

ፌንጣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። "አታስቢ እማዬ" አለች። "ሁለቱ አይነጣጠሉም።"

ከሄዱ በኋላ ያቺን የጽዳት ሠራተኛ ፍለጋ ሄድኩ። እዚያው ደረጃ ላይ አገኘኋት። አሁን ፊቷን ማየት ቻልኩ፤ እኩል ታጥፈናላ። ከኔ ብዙ አትበልጥም። ጎን ለጎን ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

"ያንቺም ልጅ ዳንሰኛ ነች?" አልኳት።

"ሰባት ዓመት ሆናት ከሄደች። አትደውልም።"

"ሐኪም አላየሽም? ወገብሽን?"

"ቀና በይ ነው የምትይኝ?" አለች። አነጋገሯ እንደ ተቆጣ ሰው ነው፣ ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ የምፈራው ቀና ያልኩ ቀን ነው። እስከታጠፍኩ ድረስ ዕቃዋ፣ ያ ፍርሃቷ፣ እኔ ጋ ነው። ዕቃዋ እኔ ጋ ከሆነ አለች ማለት ነው። አየሽ?"

አየሁ።

ጨርቅ ከምይዝበት ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ ወለሉ እያየን በላን።

ከዚያ በኋላ በመታጠፌ ደስ ይለኝ ጀመር። አትሳቁብኝ። በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም እላለሁ፣ ዛሬም አለች። የትም ከተማ ትሁን፣ የትም ትዝለል፣ አለች። ብትከዳኝም አለች።

እንዲህ ሠላሳ አራት ቀን ሄደ።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ የስፌት መኪናው ጋ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ጉልበቴ ዝም አለ።

አስር ከአምስት። አስር ከአስር። እጄን ላዩ ላይ አሳረፍኩ። እንጨት ነው።

ከዚያ ዳሌዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ከወገቤ እስከ ጭኔ የታሰረ ገመድ የተፈታ ያህል... ሰውነቴ በራሱ ተነሳ። ሳላዝዘው። ወገቤ ቀና፣ ደረቴ ተከፈተ፣ ራሴ ወጣ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ክር ዓይኔ ፊት ነው።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ምንም ሕመም የለም። ምንም ፍርሃት የለም። ውስጤ እንደ ተጠረገ ክፍል ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን አውቅ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራኛለች።

ስልኩን አነሳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አለመንቀጥቀጡን ጠላሁት።

አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት። ሦስት።

ተነሳ።

"እማዬ..."

በሕይወት አለች። ድምፅዋ ግን ተቆራርጧል። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"ፌንጣ፣ ምን ሆንሽ?"

"ፈራሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "በጣም... በጣም ፈራሁ።"

ደስ አለኝ። ይቅር በሉኝ፣ ደስ አለኝ። ልጄ ፈራች። የፈራ ሰው መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ ያያል። ከመስኮት ይወርዳል። ተመለሰላት ማለት ነው፣ ትድናለች አልኩ።

"አይዞሽ ልጄ። የት ነሽ?"

"ምንጣፉ ላይ። ዓይንሽን እንዳትገልጪ ተብያለሁ።"

"መምህሯ አለች?"

"ወጥታለች... በሩን ዘግታ ወጥታለች።" ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። "እማዬ፣ አንቺ በስልክ የምታወሪኝ ለምንድነው?"

"እንዴት?"

"ከጎኔ ተኝተሽ የለም እንዴ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት።

"እጄን ይዘሽኛል እኮ" አለች። "ሁለተኛው ምንጣፍ ላይ ነሽ። እኔ ነኝ ብለሽኛል። በድምፅሽ ነው... እማዬ፣ እጅሽ በጣም ይሞቃል።"

"ልቀቂው" አልኳት። "ፌንጣ፣ እጅሽን አስለቅቂና ተነሺ።"

"እምቢ አለኝ። ሰውነቴ እምቢ አለኝ።"

በዚህ መሐል ከስልኩ ውስጥ፣ ከልጄ በጣም ቅርብ፣ ሌላ ሰው ተናገረ። ድምፁ የኔ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እሹሩሩ ያልኩበት ድምፅ።

"ዝም በይ ፌንጣ። ስልኩን ተዪው። እናትሽ ነኝ።"

ስልኩ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። አልተዘጋም።

ከስልኩ ማዶ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ጀመረ፣ ከእንጨት ወለሉ ጋር የሚጋጭ ትንሽ ቆርቆሮ።

ቀጭ...

ቀጭ...

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ።

ሜትሬ እዚያ አልነበረም።